15 ኪሎ ቮልት ወይስ 15,000 ቮልት? ስለ ቮልት ስሌት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ትንሽ ቆም ብሎ ላዳመጠ ቮልት፣ ዋት፣ አምፔርና ኬቪኤ ተደባልቀው ነው የሚወሩት። ስሌቱ ግን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። 1 ኪሎ ቮልት 1,000 ቮልት ነው። 1 ቮልት 1,000 ሚሊ ቮልት ነው። 1 ሚሊ ቮልት ደግሞ 1,000 ማይክሮ ቮልት። በሺህ ማብዛት ወይም በሺህ ማካፈል፣ በቃ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ የለም። የሚያሳስተው በዙሪያው የሚወራው ነው።

«ኪሎ ቮልትን ወደ ቮልት ለመቀየር ትራንስፎርመር ያስፈልጋል»

እስክሪብቶ ይበቃል። ሰፈራችን ውስጥ በምሰሶ የሚያልፈው የማከፋፈያ መስመር ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ቮልት ነው፤ ራቅ ወዳለው ገጠር የሚዘረጋው ደግሞ 33 ኪሎ ቮልት። 15,000 እና 33,000 ቮልት ማለት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ስለተባለ ከረጢቱ አይሞላም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ትራንስፎርመሩ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። 15,000ውን ወደ 380 እና 220 ያወርደዋል፤ ያኔ ቮልቴጁ ራሱ ተለወጠ።

በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውን የአዋሽ ባቡር መስመርም እንውሰድ። በ25 ኪሎ ቮልት እንዲሠራ ነው የተነደፈው። «25» ሲባል የሰማ ሰው ከቤቱ 220 ያነሰ ይመስለዋል። ወደ ቮልት ስናመጣው 25,000 ነው፤ ቤታችን ካለው ከመቶ እጥፍ በላይ። ልጆች ከብት ይዘው በሚያልፉበት አገር ይሄ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

«ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ኃይለኛ ነው»

አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ የባትሪውን ቮልቴጅ በሚሊ ቮልት ነው የሚያሳየው። 3,700 ወይም 4,200 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ስልኩን ከጆሮው ያርቃል። 3,700 ሚሊ ቮልት 3.7 ቮልት ነው። አልሸሹም ዞር አሉ። አብዛኛው የስልክ ባትሪ በዚሁ ዙሪያ ነው።

ሚሊ ቮልት የሚያስፈልገው ነገሩ ትንሽ ሲሆን ነው። ሐኪም ቤት የልብ ምርመራ ሲደረግ በቀይ ካሬዎች ወረቀት ላይ የሚሳለውን መስመር ያየ ያውቀዋል። በተለመደው አሠራር ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ 1 ሚሊ ቮልት ነው። ይሄን በቮልት ጻፍ ቢባል ሐኪሙ 0.001 እያለ ሲቆጥር ሊውል ነው።

«ቴስተሩ 1 ካለ ባትሪው 1 ቮልት አለው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ደህና ባትሪ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በዚህ ነው።

ያቺ በየሱቁ የምትሸጠው ርካሽ ቢጫ ዲጂታል ቴስተር መሐሏ ላይ የሚዞር ቁልፍ አላት። በቀጥታ ጅረት (ዲሲ) በኩል ቁጥሮቹ ብዙውን ጊዜ 200፣ 2000፣ 20፣ 200 እና 1000 ናቸው። ሁለት ጊዜ 200 አለ! ሚስጥሩ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎን ያለችው ትንሿ «ኤም» ናት። እሷ ያለችባቸው 200 ሚሊ ቮልትና 2,000 ሚሊ ቮልት ናቸው፤ 0.2 ቮልትና 2 ቮልት ማለት ነው። እንግዲህ «200 ላይ አድርገው» የተባለ ሰው የትኛው 200 ላይ እንዳደረገው ማን ያውቃል?

አዲስ የሬዲዮ ድንጋይ ይዘን እንሞክር። ቁልፉን 20 ላይ ስናደርገው 1.58 የሚመስል ቁጥር ይመጣል። 2000 ሚሊ ላይ ብናደርገው ያው ድንጋይ 1580 አካባቢ ያሳያል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ አንዴ በቮልት፣ አንዴ በሚሊ ቮልት ተነበበ። 200 ሚሊ ላይ ስናመጣው ግን በስተግራ ጥግ ብቻዋን 1 ትቆማለች። ይሄ ልኬት አይደለም። «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለቷ ነው። የመኪና ባትሪም 2000 ሚሊ ላይ ሲለካ ያቺው 1 ትመጣለች። 20 ላይ ሲለካ ግን ቻርጅ የሞላ ከሆነ 12.6 አካባቢ ይላል። ሶኬት ሲለካ ደግሞ በተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) በኩል 200 አይበቃም፤ 750 ወይም 600 የሚለው ላይ መሆን አለበት።

ልማድ ይሁንላችሁ፦ ሁልጊዜ ከትልቁ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ።

«ትንሿ ኤምና ትልቋ ኤም አንድ ናቸው»

ትንሿ ሚሊ ናት፤ ትልቋ ሜጋ። በመካከላቸው ቢሊዮን እጥፍ አለ። ሌላ ምን ይባላል።

«የሰፈራችን ትራንስፎርመር 200 ኪሎ ቮልት ነው»

ይሄን በስብሰባ ላይ ሁሉ ትሰሙታላችሁ። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው 200 ኬቪኤ ነው፤ ኪሎ ቮልት አምፔር። ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም ነው የሚናገረው። ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ በትልልቅ የብረት ማማ የሚሄደው ከፍተኛ መስመር 230 ኪሎ ቮልት ነው። ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ዕቃ ወደዚያ የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊይዝ አይችልም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር አነሰ ብላችሁ ማመልከቻ የምትጽፉ ከሆነ ይቺን አስተካክሉ፤ የሚያነበው ባለሙያ ቁም ነገር ብሎ ያያችኋል።

«ጋሼ፣ 220 ቮልት ስንት አምፔር ነው?»

መልስ የለውም። ቮልት ወደ ኪሎ ቮልት ይቀየራል እንጂ ወደ አምፔር አይቀየርም፤ ቮልት ግፊቱ ነው፣ አምፔር ደግሞ የሚፈሰው የጅረት መጠን። ሦስተኛ ቁጥር፣ ማለትም ዋት (ዕቃው የሚስበው ኃይል)፣ ሲገኝ ግን ማስላት ይቻላል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ 3,500 ዋት ከሆነ ለ220 ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። እንጀራ እየተጋገረ ሻይ ማፍያው ሲጨመር 16 አምፔር ብሬከር ለምን እንደሚወርድ አሁን ገባን። በኪሎ ቮልት የምታሰሉ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ 3,500ን ለ0.22 ካካፈላችሁ 15,900 አምፔር ይመጣና ምጣዱ ከተማውን ሊያጨልም ነው። ዋትና ቮልት፣ ኪሎ ዋትና ኪሎ ቮልት እያደረጉ ማስላት ነው።

«ሦስት ፌዝ ማለት 3 ጊዜ 220፣ ማለትም 660 ነው»

ወፍጮ ቤት አካባቢ የሚወራ ነው። እያንዳንዱ ፌዝ (መብራት ያለበት ሽቦ) ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ሲለካ 220 ነው፤ ሁለት ፌዞች እርስ በርስ ሲለኩ ግን 380። ሦስቱ እኩል ከፍ፣ እኩል ዝቅ አይሉም፤ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው ገና ነው። ስለዚህ የሚባዛው በ3 ሳይሆን በ1.73 ነው፤ 220 ሲባዛ 381 ይሰጣል። ሁለቱን ፌዝ በቀጥታ ደምሮ 440 የሚልም አለ፤ እሱም ያው ስህተት ነው።

«ስፒናው ከገባ ይሠራል»

ከሳዑዲ ዕቃ ያልመጣለት የወሎ ቤት ማግኘት ይከብዳል። እዚያ ለረጅም ዘመን በብዙ ቤት የነበረው 127 ቮልት ነው፤ ወደ 230 ለመሸጋገር የተወሰነው በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በሻንጣ የመጣው ካውያ ወይም ጁስ መፍጫ ጀርባው ላይ 110–127 ብሎ ሊሆን ይችላል። ሱቅ የሚገኘው ትንሽ አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ ቮልቱን አይነካም። ለ110 የተሠራ ካውያ 220 ላይ ሲሰካ የሚስበው ኃይል እጥፍ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ቮልቱም አምፔሩም አብረው ያድጋሉና። ሽታው ይቀድማል፣ ከዚያ ጭሱ።

ጀርባው ላይ 100–240 የሚል የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ምንም አይሆንም። የሌላው ዕቃ መፍትሔ ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ነው፤ ግን ሲገዛ የዕቃውን ዋት አይቶ፣ ከዚያ ከፍ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። 1,200 ዋት ካውያን በ500 ዋት ማውረጃ ላይ ከሰካችሁት በካውያው ፈንታ ማውረጃው ይቃጠላል። ሞተር ያለው ዕቃ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው (ጅረቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የኛ 50። ማውረጃው ይሄን አይቀይርም፤ ስለዚህ ቮልቱ ቢስተካከልም ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሞተሩም ሊግል ይችላል።