ኦሲዜድን የገደለው ራም መተዉ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ኮምፒውተር በራሱ እጅ ገጣጥሞ የሚያውቅ ሰው ኦሲዜድ የሚለውን ስም አይረሳም። በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ የተቋቋመ፣ ራሙን (ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ሜሞሪ) ወርቃማ ወይም የሚያብረቀርቅ ብረት አልብሶ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ራም መሸጥ አቆመና ፊቱን ወደ ኤስኤስዲ (ፋይሎች በቋሚነት የሚቀመጡበት፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) አዞረ፤ በ2013 መጨረሻ ከሰረ። ሁለቱ ነገሮች ስለተቀራረቡ ብዙ ሰው አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ ያወራል። እኔ ደግሞ ወሬው በተነሳ ቁጥር ዝም ማለት አልችልበትምና፣ የሚደጋገሙትን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ኦሲዜድ ሜሞሪ አምራች ነበር»

ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የራሙን ቺፕ የሚሠሩት እንደ ሳምሰንግ፣ ሃይኒክስና ማይክሮን ያሉ፣ ቢሊዮኖች ዶላር የፈሰሰባቸው ፋብሪካዎች ያሏቸው ድርጅቶች ናቸው። ኦሲዜድ ቺፑን ከነሱ ይገዛል፣ ይፈትሻል፣ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ይለያል፣ ሰሌዳ ላይ አስገጥሞ ሙቀት ማብረጃ ያለብሰዋል፣ ስም ያወጣለታል። ሸማኔ ሳይሆን ልብስ ሰፊ ነበር ማለት ነው። ልብስ ሰፊ እጁ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን በክሩ ዋጋ ላይ ሥልጣን የለውም።

እጃቸው ግን በእርግጥ የተባረከ ነበር። ዲዲአር የተባለው የራም ዓይነት መጀመሪያ በወጣበት ዘመን ዊንቦንድ የተባለው የታይዋን ድርጅት የሠራው ቢኤች-5 የሚባል ቺፕ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርጉለት እንደ ፈረስ ይጋልብ ነበር፤ ይህን ቺፕ መርጠው ለኦቨርክሎክ ወዳጆች (ኮምፒውተሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ለሚወዱ) ካቀረቡት መካከል ኦሲዜድ ከፊት ይሰለፋል። ኋላም ውሃ በውስጡ አልፎ የሚያቀዘቅዘው ራም እስከ መሸጥ ደርሷል። ማን ያስፈልገዋል ብትሉ መልስ የለኝም፤ ሲያዩት ግን ያምር ነበር።

«ራሙ ጥራቱ ስለወደቀ ነው ከገበያ የወጣው»

አይደለም። በ2010 አጋማሽ ከፍ ብሎ የነበረው የዲዲአር3 (የዲዲአር ሦስተኛ ትውልድ) ቺፕ ዋጋ ዓመቱ ሳያልቅ ከግማሽ በታች ወረደ። ቺፕ ገዝቶ ለሚገጣጥም ነጋዴ ይህ መርዝ ነው። ዛሬ በውድ የገዛኸው ቺፕ ተገጣጥሞ፣ ታሽጎ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ ተፎካካሪህ በርካሽ ገዝቶ ከጎንህ ይደረድረዋል። በዚያ ላይ ራም ራም ነው፤ ከጥቂት ፍጥነት አሳዳጆች በቀር ገዢው የሚያየው ዋጋውን ነው።

ኦሲዜድ ትርፍ የማያመጡትን የራም ምርቶቹን እንደሚቀንስ በ2010 ክረምት ተናገረ፤ በጥር 2011 ደግሞ የቀሩትንም እስከ የካቲት መጨረሻ እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ከገቢው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከኤስኤስዲ ይመጣ ነበር። ራሙ ቀድሞውኑ የቤቱ እንግዳ ሆኗል።

«ራም መተዉ ገደለው»

ሜሞሪ መተው ራሱ የሞት ፍርድ ቢሆን ኢንቴል ዛሬ ባልኖረ። ኢንቴል በ1968 ሲመሠረት ሥራው ሜሞሪ ነበር፤ በ1970 ያወጣው 1103 የተባለው ቺፕ ዲራምን (የኮምፒውተር ራም የሚሠራበትን ዋና ዓይነት ሜሞሪ) ገበያ ያስገባ ነው። የጃፓን ድርጅቶች በዋጋም በጥራትም ሲበልጡት በ1985 ዲራምን ትቶ በፕሮሰሰር ላይ አተኮረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኢንቴል የሆነው። በቅርቡ ደግሞ ማይክሮን በታኅሣሥ 2025 ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ሸማች የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም ሲያስታውቅ «ማይክሮንም ሊወድቅ ነው» የሚሉ አልጠፉም። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ለዚያው ቺፕ ከእኔና ከአንተ የተሻለ ይከፍላሉ። ማይክሮን ሱቁን እንጂ ፋብሪካውን አልዘጋም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል የሄደው የራሱ ወደሆነ ነገር ነው። ኦሲዜድ የሄደው የት ነው? ወደ ኤስኤስዲ። የኤስኤስዲ ዋናው አካል መረጃው የሚቀመጥበት ናንድ ፍላሽ የተባለው ቺፕ ነው፤ ያኔ ፍላሽ ይሠሩ የነበሩት ደግሞ ሳምሰንግ፣ ቶሺባ፣ ማይክሮንና ኢንቴል፣ ሃይኒክስ ነበሩ። ያው የራሙ ታሪክ ነው። ከአንዱ ልብስ ስፌት ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ክሩ አሁንም የሰው ነው። እንዲያውም ባሰ፤ ምክንያቱም ክር ሻጮቹ ራሳቸው ኤስኤስዲ እየሠሩ በዚያው መደርደሪያ ላይ ይወዳደሩት ጀመር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

«የኤስኤስዲው ችግር የሳንድፎርስ እንጂ የኦሲዜድ አይደለም»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ነገሩን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ሳንድፎርስ የኮንትሮለር ሠሪ ነበር፤ ኮንትሮለር ማለት መረጃውን በፍላሹ ላይ የሚያስቀምጠውና የሚያነበው የኤስኤስዲው አእምሮ ነው። በ2011 የወጡት የኦሲዜድ ዲስኮች ቨርቴክስ 3 እና አጂሊቲ 3 የሳንድፎርስን አዲስ ኮንትሮለር ይዘው ነበር። ተጠቃሚው ሥራ ላይ እያለ ኮምፒውተሩ በድንገት ይቆማል፣ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል፣ አንዳንዴም ዲስኩ ጭራሽ አይታይም። ችግሩ የሌሎች ብራንዶችንም ዲስኮች ነክቷል፤ መፍትሔ የሆነው ፈርምዌር (ኮንትሮለሩን የሚመራው፣ ዲስኩ ውስጥ የሚቀመጠው ፕሮግራም) የመጣው በጥቅምት ነው። እስከዚህ ድረስ ሳንድፎርስን መውቀስ ትክክል ነው።

ነገር ግን ኢንቴል በየካቲት 2012 ያወጣው 520 የተባለው ኤስኤስዲ ያንኑ ኮንትሮለር ይዞ ነበር። ኢንቴል ረዥም ጊዜ ወስዶ ፈተሸው፣ ፈርምዌሩን ለራሱ አስተካክሎ ነው የለቀቀው፤ ዲስኩም በአስተማማኝነቱ ተመሰገነ። አንድ አእምሮ፣ ሁለት ውጤት። ኦሲዜድ አንደኛ ሆኖ ገበያ ለመድረስ ይሽቀዳደም ነበርና የፍተሻውን ሥራ በከፊል ለገዢው ትቶለታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ2011 መጀመሪያ የሆነው ደግሞ የኦሲዜድ የራሱ ውሳኔ ነው። ቨርቴክስ 2 በ34 ናኖሜትር ፍላሽ (ናኖሜትሩ ባነሰ ቁጥር የቺፑ ክፍሎች ይደቃሉ) ተሠርቶ ስም ያተረፈ ዲስክ ነው። ኦሲዜድ ወደ ርካሹ 25 ናኖሜትር ሲዞር የሞዴሉን ስም ሳይቀይር ቀጠለ። አዲሱ ቺፕ እያንዳንዱ ሁለት እጥፍ ስለሚይዝ የሚያስፈልገው የቺፕ ብዛት በግማሽ ቀነሰ፤ በአንድ ጊዜ አብረው የሚሠሩት ቺፖች ሲያንሱ ደግሞ ፍጥነቱ ወረደ። የሚገኘው ቦታም ትንሽ አነሰ። ሳጥኑ ያው ሳጥን፣ ስሙ ያው ስም፣ ውስጡ ሌላ። ገዢዎች ጩኸት ሲያነሱ ድርጅቱ ዲስኩን ሊቀይርላቸው ተስማማ፤ እምነት ግን እንደ ዲስክ አይቀየርም።

ከኦሲዜድ ዲስኮች ሁሉ የባሱት ፔትሮልና የኦክቴን ርካሹ ዓይነት ናቸው። ኦሲዜድ በ2011 የኮሪያውን ኮንትሮለር ሠሪ ኢንዲሊንክስን በ32 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ «ከእንግዲህ አእምሮው የራሳችን ነው» የሚል መልእክት ይዞ ብቅ አለ። (በእነዚህ ዲስኮች ውስጥ ኤቨረስት ተብሎ የተሸጠው ኮንትሮለር ቺፑ ማርቬል የተባለ ሌላ ድርጅት መሆኑ፣ ከኦሲዜድ የመጣው ፈርምዌሩ ብቻ እንደነበር፣ ኋላ ላይ ራሱ አምኗል።) እንግዲህ እዚህ ሳንድፎርስ የለም። አንድ ትልቅ የፈረንሳይ ሱቅ የተመለሱለትን ዕቃዎች እየቆጠረ ይወጣ በነበረው አኃዝ ውስጥ ግን አንዳንዶቹ የፔትሮል ሞዴሎች ከሦስቱ ከአንድ በላይ የተመለሱ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዘመን የኢንቴልና የሳምሰንግ ዲስኮች መመለሻ ከመቶ አንድ ያህል እንኳ አይሞላም ነበር።

«የኦሲዜድ ዕቃ ሁሉ ቆሻሻ ነበር»

ይህም ግፍ ነው። ቨርቴክስ 4 እና በ2012 መጨረሻ የወጣው ቬክተር ጥሩ ዲስኮች ነበሩ። በ2007 የገዛው ፒሲ ፓወር ኤንድ ኩሊንግም በፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል) ጥራቱ የተከበረ ስም ነበር። መጥፎ ስም ግን አይመርጥም፤ ርካሹ ፔትሮል ባበላሸው ቬክተርም አብሮ ተቀጣ።

«የጣለው የጥራት ችግር ብቻ ነው»

ጥራቱ ደንበኛን አራቀ፤ ድርጅቱን የጣለው ግን የሒሳብ መዝገቡም ጭምር ነው። በ2012 መሥራቹና ሥራ አስኪያጁ ራያን ፒተርሰን ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ለደንበኞች የሰጠውን ቅናሽና ማበረታቻ በሚገባው ቦታ እንዳልመዘገበ ታወቀ፤ አክሲዮኑ ተንኮታኮተ፣ ያለፉት ሪፖርቶች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በ2015 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፒተርሰንን ከሰሰ። በክሱ መሠረት ቅናሹ ከገቢ ከመቀነስ ይልቅ የማስታወቂያ ወጪ ተደርጎ ተጽፏል፣ ለትልቁ ደንበኛ ሸጦ ከሚጨርሰው በላይ ዕቃ ተጭኖበታል፣ የተመለሰ ዕቃም ተደብቋል።

የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ጥራትና መዝገብ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ይመስላሉ፤ የተመለሰው ዲስክ ሁለቱንም ያገናኛቸዋል። ዲስኩ መጋዘን ተመልሶ ይመጣል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም እንደተሸጠ ነው። ራሙ ላይ የጠበበው ትርፍ ኤስኤስዲው ላይ ሰፋ ተብሎ ለባለ አክሲዮኖች ከተነገረ በኋላ፣ ስፋቱን የሚያሳይ ቁጥር በየሦስት ወሩ መገኘት ነበረበት።

«ቶሺባ ገዝቶ አዳነው»

ቶሺባ የገዛው ድርጅቱን ሳይሆን ንብረቱን ነው። ለኦሲዜድ ገንዘብ ያበደረው ሄርኩሊስ የተባለ ተቋም በኅዳር 2013 የባንክ ሒሳቦቹን ተቆጣጠረ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ኦሲዜድ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቶሺባ በ35 ሚሊዮን ዶላር የኤስኤስዲውን ክፍል፣ ፓተንቱንና ሠራተኞቹን ወሰደ፤ ዝውውሩ በጥር 2014 ተጠናቀቀ። ለባለ አክሲዮኖች የተረፈ ነገር የለም። ቶሺባ ለኦሲዜድ ፍላሽ ይሸጥ ከነበሩት አንዱ ነው፤ ሸማኔው የልብስ ሰፊውን ቤት ከነመኪናው ወሰደ ማለት ነው።

ከ2014 በኋላ በኦሲዜድ ስም የወጡት ዲስኮች በቶሺባ ፍላሽ የተሠሩ ናቸውና በፔትሮል ታሪክ አይፈረድባቸውም። የቶሺባ ሜሞሪ ክፍል ራሱ ተገንጥሎ በ2019 ኪዮክሲያ ተብሏል። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ውስጡ የኦሲዜድ ዲስክ ብታገኙ ስሙን አይታችሁ አትጣሉት፤ ሞዴሉን አንብቡ። ቬክተር ወይም በቶሺባ ዘመን የወጣው ትሪዮን ከሆነ መረጃችሁን ሌላ ቦታ እየገለበጣችሁ ተጠቀሙበት። ፔትሮል ከሆነ እስካሁን መሥራቱ ራሱ ይገርማል፤ ዛሬውኑ አውጡት።