ዲለር ሞተሬን ይክፈተው? ስለ ሪኮል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት ያገለገለች የ2013 ሳዮን ኤፍአር-ኤስ ገዛ። ባለ ሁለት በር፣ መሬት የምትልስ ቀይ መኪና ናት። እናቱ አንዴ ገብታባት ለመውጣት እጇን የሚስብላት ሰው አስፈልጓታል። ልጁ ከገዛት በኋላ የሻንሲ ቁጥሯን የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባ። ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ሲያገኝ መኪናውን ጠርቶ በወኪል ጋራዡ፣ በዲለር፣ በነጻ የሚያሠራበት) አለባት። የቫልቭ ሞላዎቹ፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች መልሰው የሚዘጉት ስፕሪንጎች፣ ይቀየሩ ይላል።

ማታውኑ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ዲለር ሞተሬን ከሚከፍተው ሞላው ራሱ ቢሰበር ይሻለኛል» አለ።

ልጁ የፈራው በከንቱ አይደለም። ሱባሩ በኅዳር 2018 (በፈረንጆች) በዓለም ዙሪያ ከ400 ሺህ በላይ መኪኖችን የጠራው በዚሁ ሞላ ምክንያት ነው። ሞላው ከተሰበረ ሞተሩ እየተነዳ ቀጥ ሊል ይችላል። ቢአርዜድ የምትባለዋ የሱባሩ ስፖርት መኪና አለችበት። ቶዮታ በሳዮን ስም ይሸጣት የነበረችው እህቷም፣ የልጁ መኪና፣ አለችበት፤ ሁለቱንም የሚገጣጥማቸው ሱባሩ ነውና። ጥገናው ሲጀመር ግን ሌላ ወሬ መጣ። ሞላው የተቀየረላቸው አንዳንድ መኪኖች ብዙም ሳይቆዩ ሞተራቸው ማንኳኳት ጀመረ። ከዚያ ሞተሩ ጨርሶ ተበላሸ። ብዙ ባለቤቶችም «አላስነካም» ብለው የሪኮሉን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት።

ከዚያ ስልክ በኋላ ከልጁም ከጓደኞቹም ብዙ ነገር ሰማሁ። ትክክሉም ስህተቱም ተደባልቋል።

«ነጻ ስለሆነ እንደነገሩ ነው የሚሠሩት»

ግማሽ እውነት ስላለው በእሱ ልጀምር።

ሪኮል ነጻ የሚሆነው ለባለቤቱ ነው። ዲለሩ ሒሳቡን ከአምራቹ ይቀበላል። ስለዚህ «ገንዘብ የለውም ብለው ይጠሉታል» የሚለው አያስኬድም። ችግሩ ያለው ገንዘቡ መካኒኩ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የዲለር መካኒኮች የሚከፈላቸው በቆዩበት ሰዓት ሳይሆን ለሥራው አስቀድሞ በተመደበ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ለአንድ ሥራ አሥር ሰዓት ተመድቧል እንበል። በስምንት ሰዓት የጨረሰው የአሥር ይከፈለዋል። ተጠንቅቆ፣ ጠርጎ፣ ደግሞ አይቶ በአሥራ አራት ሰዓት የጨረሰውም የአሥር ነው የሚከፈለው። አምራቹ ለሪኮልና ለጋራንቲ የሚመድበው ሰዓት ደግሞ ደንበኛ ከኪሱ ለሚከፍለው ተመሳሳይ ሥራ ከሚያዘው ብዙ ጊዜ ያንሳል። መካኒክ ጓደኛ ያለው ሰው ይኼን ምሬት ሳይሰማ አይቀርም።

የአየር ከረጢት ለመቀየር ይኼ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሞተር አውጥቶ ለመበተን ግን ያመጣል።

የዚህች መኪና ሞተር ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው። ቴስታታዎቹ (ቫልቮቹ ያሉባቸው የሲሊንደር ክዳኖች) ወደ ጎማዎቹ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ሞላው ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ መኪናው ላይ እንዳለ በቂ ቦታ አይገኝም። ሞተሩ ይወጣል። ከፊት ያለው የሰንሰለት ክዳን ይነሳል። ክዳኑ ሲመለስ የሚታሸገው በአብዛኛው በጓርኒሲዮን ሳይሆን በፈሳሽ ሲሊኮን ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። አሮጌው ሲሊኮን እስከ መጨረሻው ተፍቆ መነሳት አለበት። አዲሱ በቀጭኑ፣ እኩል ሆኖ፣ ሳይቆረጥ ይቀባል። የጥርስ ሳሙና እንደሚጨምቅ ሰው ካንዠቀዠቁት ክዳኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይወጣል። የውጭው ይታያል፣ ይጠረጋል። የውስጡ እንደ ላስቲክ ክር ይደርቅና ተበጥሶ ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ውስጥ ይወድቃል። የዘይት ፓምፑ ዘይት የሚስብበት አፍ ላይ ወንፊት አለ። ክሩ ሄዶ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ዘይት ያንሳል። ቢየላው (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) የሚሽከረከርበት ብሮንዚን ይደርቅና ማንኳኳት ይጀምራል።

ሲሊኮን ብቻውን የሁሉም ሞተር ገዳይ ነው አልልም። ግን እንዲህ ያለ ሥራ በሩጫ ሲሠራ ምን እንደሚመጣ ያሳያል።

«ፋብሪካ ነው የማምነው፤ ዲለር ግን…»

እሺ፣ ፋብሪካውስ? በ2022 በመጣው የዚህችው መኪና አዲስ ትውልድ፣ የቶዮታ ጂአር86 በሚባለው ላይ፣ ሞተራቸው በዲለር ተነክቶ የማያውቅ ባለቤቶች ኮፓውን አውርደው ወንፊቱ ላይ የሲሊኮን ቁርጥራጭ አግኝተዋል። ያ ከፋብሪካው የመጣ ነው።

«ጥሩ መኪና ሪኮል አይጠራም»

ፖርሸን እንጥራ። በ2014 አዲሱ 911 ጂቲ3 ሁለቱ በእሳት ተያይዘው ነደዱ። ምክንያቱ የቢየላ ብሎኖች መላላት ነበር። ኩባንያው 785ቱንም መኪኖች «አትንዷቸው» አለ። ከዚያ የሁሉንም ሞተር በአዲስ ቀየረ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖርሸ ዲለሮቹን «ሞተሩን ክፈቱና ብሎኑን አጥብቁ» አላላቸውም። ሙሉ ሞተር ነው የላከው። አንድን ሞተር በሌላ መተካት ከባድ ሥራ ነው፤ ሞተር መበተን ግን ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ ሪኮል ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዲለሩ ይታመናል?» ብዬ አይደለም። «ለዚህ ሥራ ምን ይከፈታል?» ብዬ ነው። መልሱ «ሶፍትዌር ይጫናል» ከሆነ የትም ውሰዱት። «አንድ ዕቃ ተፈቶ ሌላ ይታሰራል» ከሆነም ያው ነው። «ሞተሩ ይበተናል» ከሆነ ግን የማን እጅ እንደሚበትነው ማወቅ አለብን።

«የሚሠራ ሞተር አይነካም»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንደሚባለው ነው። የልጁም ሐሳብ ይኼው ነበር። መኪናዋ እየሄደች ነው፣ ለምን ትነካ?

መጀመሪያ ነገር፣ ይኼን አባባል ወደ ሌሎች ሪኮሎች የሚያዛምቱት አሉ፤ እሱ አደገኛ ነው። ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች ጉዳይ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ማፈንጃዎችን፣ ማለትም ከረጢቱን የሚነፉትን ዕቃዎች፣ የነካ ነው። ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ለዓመታት የቆየው ኬሚካል ይበላሽና ከረጢቱ ሲፈነዳ የብረት ፍንጣሪ ወደ ሹፌሩ ይረጫል። ሰው ገድሏል። ማፈንጃው በዕድሜው ብዛት እየባሰበት ይሄዳል እንጂ «እስካሁን ምንም አልሆነ» ማለት አይሠራለትም። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

የሞላው ጉዳይ ግን ሒሳብ አለው። በአንድ በኩል መኪናዋ 395 በሚባለው አውራ ጎዳና ግራ መስመር ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሄደች ሞተሩ ቀጥ ሊል ይችላል። ከኋላ ያለው ከባድ መኪና ይኼን አያውቅም። በሌላ በኩል በመጥፎ እጅ የሚበላሽ ሞተር አለ። ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው፣ ሁለተኛው የገንዘብና የጣጣ ጉዳይ ነው። ደግሞ ሁለተኛውን መቀነስ እንችላለን። የመጀመሪያውን ግን ሞላው እስኪቀየር ድረስ ምንም አናደርገውም። እኔ «አሠራው» ያልኩት ለዚህ ነው።

«ሳዮን ተዘግቷል፣ ማን ይሠራልሃል? ጋራንቲህም አልቋል»

ሳዮን የሚለው ስም በ2016 ቀርቷል። ኃላፊነቱ የቶዮታ ነው፣ የሚሠራውም ማንኛውም የቶዮታ ዲለር ነው። የገዙበት መሆን የለበትም። ይኼን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል። ሱባሩ ጋ ሄዶ «ሞተሩ የእናንተ አይደል?» ማለት ግን አያዋጣም፤ ይመልሱታል።

የደህንነት ሪኮል ከጋራንቲ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛ ባለቤት ሁኑ፣ አምስተኛ ሁኑ ለውጥ የለውም። ማርሚታውን ስለቀየራችሁም መብታችሁ አይጠፋም። ብቻ ለሥራው መንገድ የሚዘጋ የተቀየረ ነገር ካለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ኋላ ጭቅጭቅ ይሆናል።

«አንዴ ከተሠራ አለቀ»

ሁልጊዜ አይደለም። በታካታ ጉዳይ መጀመሪያ የተቀየረላቸው አንዳንድ መኪኖች የተገጠመላቸው ያው ዓይነት ማፈንጃ ነበር። እሱም ተመልሶ ሪኮል ተጠራበት። በዓመት ሁለቴ የሻንሲ ቁጥሩን ማስገባት ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

«ካበላሹት በኋላ ማን ይሰማሃል?»

ወረቀት የያዘ ሰው ይሰማል። ይኼን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ መኪና ለሌላ ሪኮል አስገብቼ ስወስድ የዘይት ክዳኗ በደንብ አልታሰረም ነበር። ቤት ስደርስ መከለያው ሥር ሁሉ ዘይት ተረጭቷል። ዲለሩ «ስትመጣም እንዲሁ ነበር» አለኝ። ፎቶ የለኝም። ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ።

ለልጁ እንዲህ አልኩት። ከመግባቷ በፊት ዘይቱን ለክተህ፣ ሞተሩንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ፎቶ አንሳ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ድምፁን ቅዳ። ዲለሩ ጋ ስትደውል የቀጠሮ ቀን ከመጠየቅህ በፊት «ይኼን ሥራ የሚሠራው ማነው፣ ስንት ሠርቷል?» በል። ከሥራው በኋላ የተቀየሩት ዕቃዎች በቁጥራቸው የተጻፉበትን ወረቀት ሳትይዝ አትውጣ። ድምፅ ከሰማህ በቃል አትናገር፤ ያንኑ ቀን በጽሑፍ አስገባ። አንድ ቅጂ ለአምራቹ፣ አንድ ቅጂ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ። መሥሪያ ቤቱ የሪኮል ጥገና በቂ መሆን አለመሆኑን ራሱን ችሎ የመመርመር ሥልጣን አለው። የሚመረምረው ደግሞ አቤቱታ ሲከማችለት ነው። ሕጉም አምራቹ በተገቢው ጊዜ በበቂ ሁኔታ ካልጠገነ መኪናውን እንዲተካ ወይም የእርጅና ተቀንሶ ገንዘብ እንዲመልስ ያስገድደዋል።

ልጁ ሦስት ቦታ ደወለ። ሁለቱ «ሁሉም መካኒኮቻችን የሠለጠኑ ናቸው» ብለው ቀጠሮ ሊሰጡት ፈለጉ። ሦስተኛው ጋ ስልኩን ያነሳው ሰው «ቆይ» ብሎ ሄደ። ሲመለስ «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራቸው፣ እሱ ደግሞ እስከ ሌላ ሳምንት እረፍት ላይ ነው» አለው። ልጁ ጠበቀ።

መኪናዋ ከወጣች በኋላ በመጀመሪያዎቹ 500 ማይል ዘይቱን ቀየርን። ማጣሪያውን በመጋዝ ለሁለት ከፍለን ወረቀቱን እህቴ ጋራዥ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዘረጋነው። የምንፈልገው ወርቃማ ብልጭታ ነበር፤ ብሮንዚን መበላት ሲጀምር እዚያ ነው የሚታየው። ሲሊኮኑ ግን ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ ወንፊቱ ላይ ስለሚቀር፣ ሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ማውጫ ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብተን አየን። ከመጋዙ ከራሱ ከወደቀው ቅንጣቢ በቀር ያገኘነው የለም። እህቴ በሩን ከፍታ አየችን። «ጋዜጣውን አንብቤ አልጨረስኩትም» አለች።