«መጀመሪያ የማባዣ ሰንጠረዡን በቃልህ ያዝ» የሚለው ምክር ስንቱን አስቀረ

ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍን የሚያከብድ እክል) ያለበት አዋቂ ሒሳብን እንደ አዲስ ልማር ብሎ ሲነሣ፣ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ መካሪ ያገኘዋል። መካሪው ይለያያል፤ ምክሩ ግን ያው ነው፦ «መጀመሪያ የማባዣ ሰንጠረዡን በቃልህ ያዝ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።» ሰውየው እሺ ብሎ ሁለት ወር ሲያነበንብ ይከርማል። የስድስትን ይዞ ወደ ሰባት ሲሻገር የስድስቱ ይጠፋዋል። በመጨረሻ «ድሮም ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። አዋቂዎችን ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ያህል ተማሪ ያሸሸብኝ ነገር የለም። እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ በየቦታው ከሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች አጫጭሮቹን ላንሣ።

«ዲስሌክሲያ የዓይን ችግር ነው።» አይደለም። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ሩዶልፍ በርሊን የዓይን ሐኪም ቢሆንም፣ ዋናው ችግር ያለው የንግግር ድምፆችን ለይቶ ከፊደል ጋር ማዛመድ ላይ ነው። ባለ ቀለም መነጽር አያድነውም።

«ልጅ ሲያድግ ይለቀዋል።» አይለቀውም። ሰው ብልሃት ያበጅለታል እንጂ ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል።

«ማንበብ ያቃተው ሒሳብም ያቅተዋል።» በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን ማንበብ ስላልሆነለት የ14 ዓመት ልጅ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ጽፎ ነበር። ልጁ ቀላል ቃል ማንበብ እየተሳነው 785,852,017ን በፍጥነት አነበበ፤ 749ን በ867 አባዝቶ ልክ አመጣ። 4ን በግማሽ ማባዛት ግን አቃተው። አንድ ጭንቅላት በአንዱ ብርቱ፣ በሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። የቁጥርን ነገር የሚያውከው ዲስካልኩሊያ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ቢችሉም አንዱ ስላለ ሌላው አለ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። «ሰባት ስምንት፣ ሃምሳ ስድስት» ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ግጥም ስንኝ፣ በቃላት ሰንሰለት ነው። ዲስሌክሲያ የሚያከብደው ደግሞ እንዲህ ያለውን የቃላት ሰንሰለት ማስቀመጥና ሲፈለግ ቶሎ መጥራትን ነው። እንግዲህ ሰውየውን «ከሰንጠረዡ ጀምር» ስንለው፣ ከሒሳብ ሁሉ እጅግ የሚከብደውን ቦታ መግቢያ በር አድርገን እየዘጋንበት ነው። መጠንን የመረዳት ችሎታው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ታዲያ በዚያ በኩል ይግባ!

የሁለትን፣ የአምስትንና የአሥርን የሚያውቅ ሰው የቀረውን መሥራት ይችላል። ሰባት ጊዜ ስምንት ማለት አምስት ጊዜ ስምንትና ሁለት ጊዜ ስምንት ነው፤ 40 እና 16፣ 56። ዘጠኝ ጊዜ ሰባት ከ70 ላይ 7 ሲነሣ ነው፤ 63። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቴ ያቋረጠች አንዲት እናት አስተምር ነበር። 12ን በ15 ስታባዛ 12ን በ10 አባዝታ 120 አለች፤ ግማሹን 60 ጨመረችበትና 180 ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄ ይፈቀዳል እንዴ?» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ በሆዷ እንዲህ ታሰላ ነበር፤ እንደ ማጭበርበር ስለቆጠረችው ደብቃው ኖራለች። የሠራችው ግን ቅንፍ የሚፈታበት የአልጀብራ ሕግ ራሱ ነው፤ 12 × (10 + 5) = 120 + 60። በቃሉ የያዘ ሰው 180ን ይጠራል፤ እሷ ከየት እንደመጣ ታያለች። ቅንፍ ማስተማር ስጀምር የያዘችው ወዲያው ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡና ወደ ክፍልፋይ፣ ወደ ፐርሰንት፣ ወደ እኩልታ ሂዱ። ደጋግማችሁ የምትፈልጉት በሥራ ብዛት ይያዛል፤ ያልተያዘው ወረቀቱ ላይ አለ።

«ቀርፋፋ ሰው ሒሳብ አይችልም።» በ1950 ታላቁን የሒሳብ ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳሊያን፣ የተሸለመው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሎራን ሽዋርትዝ በትምህርት ቤት ዘመኑ አዝጋሚ ስለነበር የራሱን ብልህነት ይጠራጠር ነበር። እሱ ዲስሌክሲያ ነበረበት ማለቴ አይደለም። ፍጥነትና መረዳት አንድ አይደሉም ማለቴ ነው።

«የሚሳሳተው ግድ የለሽ ስለሆነ ነው።» ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። አንድ ተማሪዬ ከ20 ጥያቄ 9 ስቶ፣ ጥያቄና መልሱን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁለት። ሰባቱን የሳተው 63ን 36 እያለ ከጥያቄው ወደ ደብተሩ ሲገለብጥ ነው፤ ከተገለበጠው ቁጥር በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ልክ ነበር። ባለ ካሬ ደብተር ተጠቀሙ፤ በአንድ ካሬ አንድ አሐዝ፣ በአንድ መስመር አንድ እርምጃ። ከመሥራታችሁ በፊት የገለበጣችሁትን በጣት እየነካችሁ ጮክ ብላችሁ አመሳክሩ። አሥራ ሰባትና ሰባ በጆሮ የሚምታቱባችሁ ከሆነ የሚነገራችሁን ቁጥር በአሐዝ አስጽፉ።

በቃላት የቀረበ ጥያቄ ሲመጣም ቁጥሮቹን ለቅሞ መደመር አይጀመር። «ከ12 በ5 የሚያንስ» የሚለው ውስጥ ነገሩን የያዙት «ከ» እና «በ» ናቸው፤ ዓይን ዘሏቸው የሚያልፈውም እነሱን ነው። ሰው ያንብብላችሁ፣ ወይም ስልካችሁ ያንብብላችሁ። ከዚያ ሥዕል ሣሉ፤ ስሌቱ ከሥዕሉ በኋላ ይምጣ።

«በፈተና ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ አድልዎ ነው።» ፈተናው የሚለካው ሒሳብ ነው፤ የንባብ ፍጥነት አይደለም። ጠይቁ፤ የምርመራ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ግን ስትመዘገቡ ጠይቁ፤ የፈተናው ሳምንት ድረስ አትቆዩ።