«በናንዳ ቤት ደስታ ሆነ»፦ የጃንማሽታሚ ሌሊት አባባል ምን ይላል?

ባለፈው ነሐሴ በዱባይ የሚሠራ አንድ ወዳጄ አዲስ መኪና መግዛቱን ለጓደኞቹ ሲያበስር ከፎቶግራፉ ግርጌ «ሃቲ፣ ጎዳ፣ ፓልኪ! ጄይ ካንሃያ ላል ኪ!» ብሎ ጻፈ። አባባሉን የሰማው አብረውት ከሚሠሩ ሕንዳውያን ሲሆን፣ «ሀብት በሀብት ላይ ይጨመርልኝ» ማለት መስሎታል። ሃቲ ዝሆን፣ ጎዳ ፈረስ፣ ፓልኪ ደግሞ መኳንንት ተቀምጠውበት ሰዎች በትከሻቸው የሚሸከሙት ማጓጓዣ ስለሆነ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሆኖም ይህ የንብረት መፈክር አይደለም። ሙሉው አባባል «ናንድ ኬ አናንድ ባዮ፣ ጄይ ካንሃያ ላል ኪ፤ ሃቲ ጎዳ ፓልኪ፣ ጄይ ካንሃያ ላል ኪ» የሚል ነው፤ በናንዳ ቤት ደስታ ሆነ፣ ክብር ለሕፃኑ ለካንሃያ እንደ ማለት ነው። ካንሃያ ሂንዱዎች አምላካቸውን ክሪሽናን በቁልምጫ የሚጠሩበት ስም ነው፤ አባባሉ ከሁሉ በላይ የሚሰማውም በልደቱ በዓል፣ በጃንማሽታሚ ነው።

በዓሉ የሚውለው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባለው ስምንተኛ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ነሐሴ ላይ ያርፋል፤ በ2016 ነሐሴ 20፣ በ2017 ደግሞ ነሐሴ 10 ቀን ተከብሯል። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። የማቱራ ገዥ ካምሳ ከእኅቱ ከዴቫኪ የሚወለደው ስምንተኛ ልጅ እንደሚገድለው ትንቢት በመስማቱ እርስዋንና ባልዋን ቫሱዴቫን አስሮ ልጆቻቸውን እየተከታተለ ይገድል ነበር። የሄሮድስን ታሪክ እየሰማ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ልቡ የሚሄድበትን አውቃለሁ። ክሪሽና በእኩለ ሌሊት በወህኒ ቤት ሲወለድ ጠባቂዎቹን እንቅልፍ ጣላቸው፣ ሰንሰለቱም ተፈታ፤ አባትየው ሕፃኑን ይዞ በዝናብ የሞላውን የያሙና ወንዝ ተሻገረና በላም አርቢዎቹ መንደር በጎኩል፣ በናንዳና በሚስቱ በያሾዳ ቤት አኖረው፤ በምትኩም ያሾዳ በዚያው ሌሊት የወለደቻትን ሴት ልጅ ይዞ ተመለሰ። አባባሉ «በናንዳ ቤት» የሚለው ስለዚህ ነው። በወላጆቹ ዘንድ የነበረው ጨለማና ፍርሃት ነው፤ ደስታው የፈነዳው በአሳዳጊዎቹ ደጅ ነው።

ለትምህርት ሰሜን ሕንድ በነበርኩበት ዘመን ቤት ያከራዩኝ አዛውንት፣ ሁላችንም «ማታጂ» የምንላቸው እናት፣ የዕለቱን ጾም አጥብቀው ይጾሙ ነበር፤ እህል የሚባል ነገር በአፋቸው አይዞርም፣ ፍራፍሬና ወተት ብቻ ይቀምሳሉ። ትንሹን የናስ ምስል በሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ አጠገብ አኑረው፣ ከጎኑ ከነአንገቱ የተቀጠፈ ኪያር ያስቀምጣሉ። እኩለ ሌሊት ሲሆን የኪያሩን አንገት ይቆርጡታል፤ እትብቱ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ ምስሉ በወተት፣ በእርጎ፣ በቅቤ፣ በማርና በስኳር ይታጠብና አዲስ ልብስ ለብሶ አልጋው ውስጥ ይተኛል፤ የጎረቤት ልጆችም እየተሻሙ በተራ ክሩን እየሳቡ ያወዛውዙታል። «ናንድ ኬ አናንድ ባዮ» የሚለው ድምፅ ከየቤቱ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው። በራጃስታን በምትገኘው በናትድዋራ ደግሞ ሰዓቱ የሚበሠረው በ21 ጊዜ መድፍ ነው። ጾሙ የሚፈታው በቅቤና በስኳር በተለወሰ የድንብላል ዱቄት ሲሆን፣ ማታጂ እኔን የሃይማኖቱ ሰው እንዳልሆንኩ እያወቁ ድርሻዬን አጉድለውብኝ አያውቁም።

የአባባሉ እውነተኛ መኖሪያ ግን ማግስቱ ነው። ዕለቱ ናንዶትሳቭ፣ የናንዳ በዓል፣ ይባላል። በጎኩልና በአካባቢው ባሉ መንደሮች እርጎ ከእርድ ጋር ተበጥብጦ በምእመናኑ ላይ ይረጫል፤ ልብስ፣ ፀጉር፣ ግድግዳ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ልማዱ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። የክሪሽናን ታሪክ በሚተርከው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ፣ በባጋቫታ ፑራና 10ኛ ክፍል፣ ላም አርቢዎቹ የልደቱን ዜና ሲሰሙ በእርጎ፣ በወተት፣ በቅቤና በውኃ እንደተራጩ፣ ላሞቹንም በእርድና በዘይት ቀብተው በአበባ ጉንጉን እንዳስጌጧቸው ተጽፏል። ናንዳም ላሞችን፣ ልብስንና ጌጥን ለመጣው ሁሉ አደለ።

ይህን በጨዋታነት ብቻ የሚያልፍ ሰው ቅቤ እንዴት እንደሚገኝ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ያደግኩት ላም በሚታለብበት ቤት ነው። አያቴ ወተቱን ቀን በቀን እያጠራቀመች እርጎው ሲበቃ በታጠነ ቅል ትሞላውና ጉልበቷ ላይ አጋድማ ስትንጥ ታረፍዳለች፤ ቅቤው ሊወጣ ሲል የቅሉ ድምፅ ስለሚለወጥ እኛ ልጆቹ ጨዋታችንን ትተን እንሰበሰባለን። ከዚያ ሁሉ ድካም የሚወጣው ቅቤ በእፍኝ የሚያዝ ነው፤ ከቅሉ አንዲት ጠብታ ብትፈስ አያቴ እንደ ሰው ጉዳት ታዝንባት ነበር። በክሪሽና አገር ሴቶች የሚንጡት በሸክላ ማሰሮ ውስጥ በቆመ እንጨት፣ በገመድ ግራና ቀኝ እየሳቡ ነው፤ ድካሙ ግን ያው ነው። እንግዲህ የመንደሩን የቀናት ልፋት በአንድ ጠዋት በጎረቤት ራስ ላይ ማፍሰስ ምን ያህል ደስታ ቢሆን ነው?

ወደ ዝሆኑና ፈረሱ ልመለስ። ማታጂን ስለነርሱ ስጠይቃቸው «ናንዳ ዝሆን ከየት አባቱ ያመጣል? ላምና ጋሪ ነው ያለው» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ መልስ ከልቤ አልወጣም። ዝሆን፣ ፈረስና ፓልኪ የማን ናቸው? የማቱራ ቤተ መንግሥት ናቸው። ያው መጽሐፍ ናንዳ ከልደቱ በዓል በኋላ ዓመታዊ ግብሩን ለካምሳ ሊከፍል ወደ ማቱራ እንደሄደ ይናገራል። እኔ እንደማምነው፣ አባባሉ የተወለደው በግብር ከፋዮች አፍ ነው፤ የንጉሡ ክብር ከወንዙ ማዶ፣ በላሞች መካከል ለተኛው ሕፃን እንደሚገባ የሚናገሩ ላም አርቢዎች በእጃቸው የሌለውን የንጉሥ አጀብ በቃል ሰጡት። እርጎውም በዚያች ቀን ወደ ገዥው ቤት አይሄድም፤ መንደሩ ውስጥ ይፈስሳል። ይህ ንባብ ለእኔ የአባባሉን ሁለት ክፍሎች፣ የቤቱን ደስታና የንጉሡን አጀብ፣ አንድ ላይ የሚያስተሳስር ብቸኛው ንባብ ነው።

የእኛ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ «እንቦሳ እሰሩ» የሚል ምላሽ ሲቀበል በከብት አርቢ ልብ ነው የሚመርቀው፤ ስለዚህ ደስታ ከበረት ሲነሣ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ማስረዳት አያሻም። በዚህ ደስታ መካከል ግን ሁልጊዜ የምታሳዝነኝ ያች የተለወጠችው ሕፃን ናት። ካምሳ ከድንጋይ ሊያጋጫት ሲያነሣት ከእጁ አምልጣ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ገዳዩ በሌላ ስፍራ መወለዱንም ነገረችው። ምእመናን አምላክ አድርገው ያከብሯታል፤ ያሾዳ ግን የወለደቻት ልጅ መወሰዷን ሳታውቅ ነው እልል የተባለላት። ናንዳም የአብራኩ ክፋይ ላልሆነ ልጅ ላሞቹን አደለ። አባባሉን ለራስ ስኬት መፎከሪያ ማድረግ የሚከብደኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን አሁን ነገሩ እየተበላሸ ነው። በሙምባይ ክሪሽና በልጅነቱ ከየቤቱ ቅቤ ይሰርቅ እንደነበር የሚተረከውን ለማስታወስ ወጣቶች ተደራርበው ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የእርጎ ማሰሮ ይሰብራሉ፤ በመሠረቱ የሚያምር የሰፈር ጨዋታ ነበር። ዛሬ ግን የፖለቲከኞች ፎቶግራፍ ከማሰሮው በላይ ተሰቅሎ፣ በሽልማት ገንዘብ ፉክክር የሰው ክምሩ ከመርዘሙ የተነሣ፣ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ20 ጫማ እንዳይበልጥ እስከ መወሰን ደርሶ ነበር፤ ገደቡ በኋላ ላላ። በዚያ ግርግር መካከልም «ሃቲ፣ ጎዳ፣ ፓልኪ» እንደ ድል መፈክር ይጮኻል፣ የናንዳ ስም ግን አይነሣም። የእኛም ሰዎች ከቪዲዮ ላይ ጫፉን ብቻ እየቀነጠሱ «እንኳን ደስ አለህ» ማለት ነው ብለው እርስ በርስ ያስተምራሉ። እባካችሁ ተዉት። ለሹመትም፣ ለፈተና ውጤትም፣ ለንግድ ትርፍም ሂንዲ «ባዳይ ሆ» የሚል የራሱ የደስታ መግለጫ አለው፤ በየቀኑ የሚነገር ስለሆነ የትኛውም ሕንዳዊ ባልደረባ በደስታ ያስተምራችኋል። «ናንድ ኬ አናንድ ባዮ» ግን ለጃንማሽታሚ ሌሊትና ለማግስቱ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሙሉውን የሚባል ነው።