ጌንጌት፦ የፈረንሳይ የወንዝ ዳር ጭፈራ ቤት

ጌንጌት ፈረንሳዮች ወንዝ ዳር ላለ የመብል፣ የመጠጥና የጭፈራ ቤት የሰጡት ስም ነው። ቤት ይባል እንጂ አብዛኛው ነገሩ ደጅ ነው። ዛፍ ሥር የተደረደሩ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ባለቀለም አምፖል ተዘርግቷል። መሀል ላይ የእንጨት መጨፈሪያ ወለል፣ ጥግ ላይ አኮርዲዮን። ሳህን ላይ የሚመጣው ጥብስ ያሉ ጥቃቅን የወንዝ ዓሣዎች ናቸው፤ በእጅ ይበላሉ። ሽክ ብሎ መምጣት ግዴታ አይደለም።

ስሙ የመጣው ከመጠጡ ነው ይባላል። ድሮ በፓሪስ ዙሪያ «ጌንጌ» የሚባል ርካሽና ኮምጠጥ ያለ ነጭ ወይን ይጠመቅ ነበር። ይህ ርካሽነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ፓሪስ የሚገባ ወይን ኬላ ላይ ይቀረጣል። ከኬላው ማዶ የሚሸጠው ግን ያንን ቀረጥ አያውቀውም። ስለዚህ ሠራተኛው እሁድ ሲሆን ቤተሰቡን ይዞ ኬላውን ይሻገራል፤ እዚያው ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ማታ ይመለሳል።

በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ከተማዋን 24 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ግንብ አጠሯት። ሕዝቡ አንጀቱ አረረ። በሐምሌ 1789፣ አብዮተኞች የባስቲይን እስር ቤት ከመያዛቸው ቀናት ቀደም ብሎ ብዙዎቹን ኬላዎች አቃጠላቸው። ይህንን ሳስብ ጌንጌትን ተራ መዝናኛ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ለድሃው ሰው የእሁድ ብርጭቆ ትልቅ ጉዳይ ነበር።

ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ወንዝ የግድ አልነበረም። የጥንቶቹ ጌንጌቶች ብዙዎቹ እንደ ቤልቪልና ሞንማርትር ባሉ ኮረብታዎች ላይ ነበሩ። በ1860 ግን ፓሪስ እነዚህን መንደሮች ጠቅልላ ወሰደች። ቀረጡም አብሯት ገባ። ርካሽ ወይን የሚፈልግ ሰው ከዚያ ራቅ ማለት ነበረበት። ደግነቱ ባቡር ደርሶለታል። ፓሪስ ካለው የባስቲይ ጣቢያ ተነስቶ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ማርን ወንዝ የሚወስደው መስመር በ1859 ተከፍቶ ነበር። በማርን ዳር ያሉት ኖዣንና ዦዋንቪል የእሁድ መዳረሻ ሆኑ።

በሌላ በኩል፣ ከፓሪስ በስተ ምዕራብ፣ የሴን ወንዝ ዳርቻ የጀልባ ቀዛፊዎች ነበር። ሠዓሊዎቹ ሞኔና ሬንዋር በ1869 ክርዋሲ የነበረውን ላ ግረኑዬር የተባለ የወንዝ ላይ መዝናኛና መዋኛ ጎን ለጎን ሆነው ሣሉት። ሬንዋር ደግሞ በ1880 እና በ1881 በሻቱ፣ ፉርኔዝ በሚባለው ምግብ ቤት ሰገነት ላይ ምሳ በልተው የተቀመጡ ወዳጆቹን ሣለ። ውሻ ይዛ የምትታየው ወጣት ኋላ ሚስቱ የሆነችው አሊን ሻሪጎ ናት። ሥዕሉን ያየ ሰው ጌንጌት ምን ስሜት እንደነበረው ወዲያው ይገባዋል።

ሙዚቃው የስደተኞች ሥራ ነው። ከኦቬርኝ ገጠር ለሥራ ወደ ፓሪስ የፈለሱ ሰዎች ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው መጡ። ጭፈራቸውም «ሙዜት» በሚባለው የዚህ ዓይነት መሣሪያ ስም ተጠራ። ቀጥለው ጣሊያኖች ከነአኮርዲዮናቸው መጡ። መጀመሪያ ተፎካከሩ፤ በኋላ አብረው መጫወት ጀመሩ። በመጨረሻ አኮርዲዮኑ አሸነፈ፣ ስሙ ግን የድሮው እንደሆነ ቀረ። ከዚህ ቅልቅል ነው የሙዜት ዋልዝና ዣቫ የወጡት። ዣቫ በሦስት ምት፣ ጥቃቅን እርምጃ እየተረገጠ፣ ተጣብቀው የሚጨፍሩት ነው። ነውር ነው ያሉ ሰዎች አልጠፉም። ቦታ ለሌለው ጠባብ ወለል ግን ከዚህ የተሻለ ጭፈራ አላውቅም።

በ1936 ለሠራተኛው የሁለት ሳምንት የተከፈለ ዕረፍትና የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት በሕግ ተፈቀደ። የማርን ዳርቻ በሰው ተጥለቀለቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን መኪናና ቴሌቪዥን መጡ፤ ሰው በዚያው ራቀ። ወንዙም ቆሸሸ። በ1970 ማርን ውስጥ መዋኘት ተከለከለ። የባስቲዩም መስመር በ1969 ተዘግቶ ነበር። ዋናውም ባቡሩም ሲቀር ብዙዎቹ ጌንጌቶች በራቸውን ዘጉ።

ሁሉም ግን አልጠፉም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባህሉን መልሰው ያነሱ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በጋ ሲገባ በብዙ የፈረንሳይ ከተሞች ወንዝ ዳር ጊዜያዊ ጌንጌቶች ይተከላሉ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ከ1923 ጀምሮ ተከልክሎ የነበረው በሴን ወንዝ መዋኘት ፓሪስ ውስጥ በሦስት ቦታ ለሕዝብ ተፈቀደ።