ብርሃን በማይደርስበት የሚኖሩ ኮራሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ኮራል ያለ ፀሐይ አይኖርም»
ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ ከሚታወቁት ዝርያዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ፀሐይ የግድ የሚሆነው አልጌን (በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ደቃቅ ተክል መሰል ፍጥረት) በሰውነታቸው አስጠግተው ከእሱ ለሚመገቡት ነው። በሰሜን አትላንቲክ ዋነኛው ሪፍ (የኮራል አጽም ክምር) ሠሪ የሆነው ሎፌሊያ የተባለው ኮራል አልጌ የለውም፤ ጥቃቅን ክንዶቹን ዘርግቶ ወራጁ ውሃ የሚያመጣለትን ደቃቅ እንስሳትና ብናኝ እያጠመደ ይበላል።

«ጨለማና ብርድ ባለበት ሁሉ ይገኛል»
በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የኮራሉ እጭ (ገና ያላደገው ልጁ) የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ይሻል፦ ቋጥኝ፣ ጠጠር፣ የዛጎል ስባሪ፣ አንዳንዴም የነዳጅ ማውጫ ብረት። ጭቃ ላይ ካረፈ ይቀበራል። ኖርዌይ ውስጥ ብዙ ሪፎች የተተከሉት በበረዶ ዘመን ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች የባሕሩን ወለል እያረሱ ዳርና ዳር በተዉት የድንጋይ ቁልል ላይ ነው። ወራጁ ውሃ ከደከመ ምግብ ይቀራል፣ ደለልም ያፍነዋል። ሕይወት ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛውን ሙት አጽም ሰፍነግ የተባለ የባሕር እንስሳ እየቦረቦረው ይሰባበራል፤ ስባሪው ደግሞ ለሚቀጥለው እጭ መሠረት ይሆናል።

ኬሚስትሪውም ወሳኝ ነው። አጽሙ የሚሠራው አራጎናይት ከተባለ ማዕድን ነው። የሰሜን ፓስፊክ ጥልቅ ውሃ ለረጅም ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጠራቀመ ስለሆነ ይህን ማዕድን ያሟሟል። እዚያ እንዲህ ያሉ ሪፎች ብርቅ የሆኑት በዚህ የተነሳ ነው።

«ሁሌም እጅግ ጥልቅ ነው»
እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘውና ወደ 35 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኖርዌይ ሮስት ሪፍ ከ300 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያው ኖርዌይ በትሮንድሃይም ፊዮርድ (ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) ያለው የታውትራ ሪፍ ግን ከ39 ሜትር ይጀምራል።

«ከ12 ዲግሪ በላይ ይሞታል»
ለሎፌሊያ ከ4 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደው ልክ ነው። እኛው አካባቢ ያለው ቀይ ባሕር ግን እስከ ወለሉ ድረስ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ጨዋማነቱም ከፍተኛ ነው። ያም ሆኖ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ላይ አልጌ የሌላቸው ኮራሎች ተገኝተውበታል፤ በዝግታ እያደጉ ይኖራሉ።

«መረብ ቢሰብረው ቶሎ ያገግማል»
ሎፌሊያ በዓመት የሚረዝመው ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወለል ለወለል የሚጎተት መረብ ግን ለሺህ ዓመታት የተገነባውን በአንድ ጉዞ ያደቅቀዋል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1999 በሱላ ሪፍ ላይ ይህን አጠማመድ የከለከለችው ለዚህ ነው።