ሥጋና እንቁላል ለቁርስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ዳቦና እንጀራ ቀንሶ ጠዋት ሥጋና እንቁላል የሚበላ ሰው በዝቷል። ጥሩ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ቁርስ ቶሎ አያስርብም፣ ረፋድ ላይ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ፍለጋ ከመውጣትም ያድናል። የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ጤፍ እኮ ካርቦሃይድሬት የለውም»

አለው፣ ያውም በደንብ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ጤፍ ጥሩ እህል መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቋንጣ ፍርፍር ሥጋ ስላለበት ብቻ የፕሮቲን ቁርስ አይባልም፤ ሳህኑን የሞላው እንጀራ ነው። ቋንጣ የምትወዱ ከሆነ ቁሌቱ ላይ አብስሉትና በእንጀራው ፈንታ ሁለት ሦስት እንቁላል ስበሩበት። በጣም ይጣፍጣል!

«አስኳሉን ጣሉት፣ ነጩን ብቻ ብሉ»

እባካችሁ አትጣሉት። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ከዚህም 40 በመቶ ገደማው ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። ቫይታሚን ኤና ዲም እዚያው ናቸው። ሰው የሚፈራው ኮሌስትሮሉን ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ራሱ በቀን ከ300 ሚሊግራም አትለፉ የሚለውን ገደብ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው እትም ጀምሮ ትቶታል። ለአብዛኛው ሰው የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው በቅቤና በጮማ ውስጥ በብዛት ያለው ስብ ነው። እንቁላሉን ሳይሆን የቅቤውን ማንኪያ ቀንሱ።

«ጥሬው ይበልጣል»

ጂም የሚሠሩ ልጆች ጥሬ እንቁላል ሲጠጡ አያለሁ። ሰውነታችን ከበሰለ እንቁላል 90 በመቶ ያህሉን ፕሮቲን ያገኛል፣ ከጥሬው ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ። ጥሬ ሥጋም ቢሆን ከጥብስ የተሻለ ፕሮቲን የለውም፣ የኮሶ ትል ግን ሊኖረው ይችላል።

«ኃይለኛ እሳት የሥጋውን ጭማቂ ይዘጋበታል»

አይዘጋም። እሳቱ የሚሰጠው ቡናማ ቀለሙንና ያንን የጥብስ ጣዕም ነው፣ ለዚህም ቢሆን ሥጋው ደረቅ መሆን አለበት። ከፍሪጅ ወጥቶ እርጥብ እንደሆነ ከተገለበጠ ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በሶፍት አድርቁት፣ መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ሳይደራረብ በትንሽ በትንሹ ጨምሩት፣ ቶሎ ቶሎም አታማስሉት። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ ሥጋው ቀለም ከያዘ በኋላ ይግቡ።

እንቁላሉ ሲገባ ግን እሳቱን ቀንሱ። ነጩ መርጋት የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ነው፤ ኃይለኛ እሳት ላይ ከቆየ እንደ ጎማ ይሆንና ውሃ ይተፋል። ፈሳሹ ጠፍቶ ገና ለስላሳ ሳለ አውርዱት፣ የቀረውን የመጥበሻው ሙቀት ይጨርሰዋል።

«ፕሮቲን ኩላሊት ያበላሻል» እና «ይሄ ቁርስ ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት ነው»

ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው በሁለት እንቁላልና በትንሽ ጥብስ አይጎዳም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙ ይወስንለት። ስኳርን በተመለከተ፣ ካርቦሃይድሬት መቀነስ የደም ስኳርን እንደሚያወርድ እውነት ነው፣ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን በነበረው መጠን እየወሰደ ድንገት እንጀራውን ካቆመ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል። መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክርና የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከልለት፣ ቁርሱን ከዚያ በኋላ ይቀይር።